ከፈተናው በኋላ ንገሩኝ

ዳርቱ ቶሌሳ ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ከተወች ቆይታለች። በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ማደንዘዣ ትሰጣለች። በታካሚው ራስጌ ባለችው ክብ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሐኪሙ ቆርጦ እስኪሰፋ ድረስ የሰው ትንፋሽ ትጠብቃለች። ሰው ግን ይህን ሲሰማ ወይ «ዶክተር ነሽ?» ይላታል፣ ወይ «አሃ፣ መርፌ የምትወጊው!» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እንጦጦ ላይ የሚኖረው አባቷ ቶሌሳ ደግሞ፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ፀሐይ ለሚሞቅ ሽማግሌ ሁሉ፣ «ልጄ ሰው ታስተኛለች» እያለ ያወራል።

ሁለተኛ ዲግሪ ልትማር እንደሆነ የተሰማ ቀን ከነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ፣ «ለማስተኛት ደግሞ ምን ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል? የኛ መምሬ ስብከት ሲጀምሩ ያለ ዲግሪ አይደል የሚያስተኙን!» ብለው ጉባኤውን አሳቁ። ቀልዱ ተራራውን ወርዶ፣ ዳርቱ ተከራይታ እስከምትኖርበት ወሰን ሰፈር ድረስ ደረሰ። ዳርቱ ስትሰማው አልሳቀችም።

እርሷን ወደዚህ ትምህርት የጎተታት ሌላ ነገር ነበር። ገና ጀማሪ ሳለች አንዲት እናት ጠረጴዛው ላይ ተኝታ ፍርሃት ያንቀጠቅጣት ጀመር። ዳርቱ ልታረጋጋት ብላ፣ «የልጆችሽን ስም ጥሪልኝ» አለቻት። ሴትየዋ ከታላቁ ጀመረች፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ መድኃኒቱ ወሰዳት። ኦፕሬሽኑ ረዘመ፤ የሐኪሙ ጓንት ተቀየረ፣ ውጭ ዝናብ መጥቶ ሄደ። ሴትየዋ ዓይኗን እንደገለጠች ከንፈሯን አላወሰችና የአራተኛውን ልጅ ስም ጠራች። ምንም እንዳልተቋረጠ ሁሉ! በሁለቱ ልጆች ስም መካከል ሆዷ ተከፍቶ ተዘግቷል። ያ ሁሉ ጊዜ የት ነበረች? ዳርቱ ጥያቄውን ለአለቆቿ ስታቀርብ፣ «እሱን በማስተርስ ትማሪዋለሽ» ብለው ሳቁ። እነሱ ሲቀልዱ ነው። እርሷ ግን የምሯን ያዘችው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ የደጅ ጥናት ታሪክ ነው። ለመግቢያው የጽሑፍ ፈተና ለመመዝገብ የሆስፒታሉ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን የሚሰጠው የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ከበበ ነው።

«አንቺ ከሄድሽ ማን ያስተኛልናል?» አላት በመጀመሪያው ዓመት።

«አልሄድም እኮ አቶ ከበበ፤ ልፈተን ነው።»

«ብታልፊስ?»

«ካለፍኩማ እሄዳለሁ።»

«በቃ፣ ያልኩሽ እኮ እሱን ነው!» አለና የሻይ ስኒውን አነሳ።

በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤው ተጻፈ። ከዚያ ፈራሚው ስብሰባ ገባ፤ ከስብሰባው ወደ ስልጠና፣ ከስልጠናው ወደ ዓመት ፈቃድ ሄደ። ፊርማው ሲመጣ ምዝገባው ተዘግቶ ነበር። ዳርቱ ያንን ደብዳቤ እንደ ያዘች ኮሪደር ላይ ቆማ፣ ማልቀስ ወይስ አቶ ከበበን ማነቅ እንደሚሻል ስታማርጥ፣ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ተጠራች። የሰው ትንፋሽ የእርሷን ንዴት አይጠብቅም።

ዘንድሮ ሦስተኛው ነው። የመጨረሻውም ነው፤ ምክንያቱም ሆስፒታሉ፣ «ዘንድሮም ካልተጠቀማችሁበት የትምህርት ዕድሉ ለሌላ ክፍል ይዞራል» ብሏል። ደብዳቤው እንደ ተአምር በጊዜ ወጣ። ቀጥሎ የኦንላይን ምዝገባው መጣ። የሥራ ባልደረባዋ ኢክራማ ላፕቶፗን ይዛ ቤቷ መጥታ አብራት ተቀመጠች፤ ሲስተሙ ግን እንደ ቀፎ ንብ ገባ ወጣ ይላል እንጂ አይረጋም። ገባ ሲሉት ፎቶዋን መለሰው፤ ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ ነጭ መሆን አለበት። በዚያ ሰፈር ደግሞ ነጭ የሆነ ግድግዳ የለም።

«ነይ ወደ ሱቅ» አለች ኢክራማ፤ «የእትዬ ዘሙሩድ ፍሪጅ ነጭ ነው።»

ዘሙሩድ የዳርቱ ቤት አከራይ ናት፤ ከግቢው በር አጠገብ ሱቅ አላት። ዳርቱ የለስላሳው ፍሪጅ በር ላይ ተደግፋ ቆመች፣ ኢክራማ አነሳቻት፣ ዘሙሩድ ደንበኞቿን «ጸጥ በሉ፣ ልጄ እየተመዘገበች ነው» እያለች አገደች። ሲስተሙ ፎቶውን ወደደው።

«ፍሪጅ ተደግፎ ስፔሻሊስት!» አለች ኢክራማ። «ዳርት፣ አሁን ሪላክስ አድርጊ። የፈተናው ቀን ተረኛነትሽን እኔ እይዝልሻለሁ። አንቺ ማለፍ ብቻ።»

ማጥናቱ ደግሞ ራሱን የቻለ መከራ ነበር። ከዘሙሩድ ግቢ ጓሮ ያለው የባሏ የከማለዲን ጋራዥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል። ከማለዲን ግን የፈተናው ሰሞን ሲደርስ መዶሻዎቹን በአሮጌ ጨርቅ አስጠቀለለ። ጋራዡ ለአንድ ሳምንት ዱም ዱም የሚል የልብ ምት ሆነ፤ ዳርቱም በዚያ ምት ስለ ልብ አጠናች።

ከፈተናው በፊት በነበረው ምሽት ለአባቷ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው አለቻት የቴሌዋ ሴትዮ። ደጋግማ ደወለች፤ ሴትዮዋም ደጋግማ በዚያው ትሕትና መለሰችላት። አባቷ ስልኩን ዘግቶ አያውቅም። ሲተኛ እንኳ ትራሱ ሥር ነው የሚያደርገው። ቅር ብሏት ተኛች።

ሲነጋጋ የግቢው በር ተንኳኳ። ዳርቱ ለብሳ ጨርሳ ነበር። በመስኮቱ ብታይ፣ ዘሙሩድ የከፈተችው በር ላይ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ የተከናነቡ ሰዎች ቆመዋል። ከፊት ያሉት አባባ ኢቲቻ ናቸው። ከኋላቸው ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር የለበሰችው የአባቷ እህት አሳየች ናት። ሌሎቹ ከተራራው ጎረቤቶች ናቸው፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል።

ዳርቱ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች።

አባባ ኢቲቻን ተራራው ሁሉ ያውቃቸዋል። ድምፃቸው እንደ ጥጥ ነው። ሰው ሲሞት «ማን ይንገራት? ማን ይንገረው?» ሲባል፣ ዓይን ሁሉ ወደ እሳቸው ይዞራል። ዳርቱ የዲግሪ ተማሪ ሳለች የዶርሙ ጥበቃ በማለዳ አስጠርቷት ስትወጣ፣ በር ላይ ቆመው ያገኘቻቸው እሳቸውን ነበር። ያን ቀን እናቷን አጣች። አሁን የቀራት አባቷ ብቻ ነው። ስልኩም ዝግ ነው።

መስኮቱን ገርበብ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ዳርቱን ፈልገን ነው» ይላሉ አባባ ኢቲቻ።

«ዛሬ እኮ ፈተና አለባት!» አለች ዘሙሩድ።

«እናውቃለን። ሳትሄድ እንድንደርስባት ብለን ነው በጨለማ የወረድነው።»

«ሳትሄድማ አይሆንም! ኧረ አላህን ፍሩ! ስትመለስ ይደርሳል።»

«ከተመለሰች በኋላማ ምን ያደርግላታል?» አሉ አባባ ኢቲቻ።

ከተመለሰች በኋላ ምን ያደርግላታል! እንግዲህ ቀብሩ ከዚያ በፊት ነው ማለት ነው። ዳርቱ መስኮቱን ዘጋች።

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። በሩን ከፍታ ብትወጣ፣ አባባ ኢቲቻ በዚያ በጥጥ ድምፃቸው ሁለት ቃል ብቻ ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ፈተና የለም፣ ሦስት ዓመት የለም፣ ደብዳቤ የለም። ካልወጣች ግን ገና አልተነገራትም። ያልተነገራት ሰው መሄድ ይችላል። እንዲህ ብሎ ማሰቧ ራሷን አስደነገጣት። አባቴ ሞቶ እኔ ወረቀት ልጽፍ? ወዲያው ደግሞ ንዴቱ መጣ፤ በራሷ ላይ፣ በአባቷ ላይ፣ በሞት ላይ፣ ይልቁንም በአቶ ከበበ ላይ። ባለፈው ዓመት ያ ሰውዬ ደብዳቤውን አስፈርሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት በደረሰች! አባቷስ ቢሆን፣ ከቀን ሁሉ ዛሬን?

በሩ ተከፈተ። ዘሙሩድ ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ በእጇ ዳቦ ይዛለች።

«በጓሮ በኩል ውጪ። ባሌ ከማሌ ያደርስሻል።»

«እትዬ ዘሙሩድ፣ ነገሩዎት?»

«ምንም አልጠየቅኋቸው። አንቺም አትጠይቂኝ። ዳቦውን ያዢ።»

ዳርቱ እስክሪብቶዋንና መታወቂያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ በጋራዡ በኩል ወጣች። ከማለዲን የደንበኛ መኪና አስነስቶ ይጠብቃታል።

«ግቢ። ፍሬኑ ትንሽ ይቀረዋል፤ ግን በማርሽ እይዘዋለሁ» አላት።

ከወሰን ወደ መገናኛ ሲወርዱ ሚኒባሶቹ ግራና ቀኝ እየተሽቀዳደሙ ነበር። ከማለዲን አፉን መያዝ አልቻለም።

«ሰው ማለት እኮ ዳርቱ... እንግዳ ነው። ሁላችንም ብንሆን...»

«ጋሽ ከማለዲን።»

«አቤት።»

«እባክዎ። ለእትዬም ይንገሯቸው፣ ለነአባባ ኢቲቻም ይንገሯቸው። ሁላችሁም ከፈተናው በኋላ ንገሩኝ።»

«እኔ ምኑን አውቄ! ምንም አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስዎታል?»

«የሚኒባሱ ጭስ ነው» አለና በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ፤ ይህን ሲያደርግ ከፊቱ የቆመ ታክሲ ሊገጭ ትንሽ ቀረው።

የፈተናው አዳራሽ በር ላይ ፈታኙ «ስልክ?» ሲላት፣ ዳርቱ ስልኳን አጥፍታ ሰጠችው። ሌሎቹ ተፈታኞች ስልካቸውን ሲሰጡ አንዳች አካላቸውን የሚሰጡ ይመስላሉ፤ እርሷ ግን የሚፈነዳ ነገር ከእጇ እንደ ተቀበሏት ቀለል አላት።

የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች እጇ ሠራቸው፤ ራሷ የት እንደነበረች አታውቅም። ከዚያ ገጹን ስትገልጥ ሽማግሌው መጡ። ጥያቄው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ገበሬ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል፤ የልባቸው መውጫ በር ጠቧል፤ ኦፕሬሽን ያስፈልጋቸዋል፤ እንዴት አድርገሽ ታደነዝዣቸዋለሽ? ይላል። ጥያቄው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ሽማግሌው ግን በእንግሊዝኛ አልመጡላትም። ጋቢ ለብሰው፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየሸተቱ፣ የአባቷን ሳል እየሳሉ ነው የመጡት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጎኗ ያለው ወጣት ቀና ብሎ አያት።

በሥራዋ ላይ ክፉ ነገር ሲገጥማት የምታደርገው ነገር አለ። ታካሚው ደም ሲፈሰው፣ ሐኪሙ ሲጮኽ፣ ነርሷ ስትሯሯጥ፣ ዳርቱ ወደ መጀመሪያው ትመለሳለች፦ አየር ይገባል? ደረቱ ይነሳል? ልቡ ይመታል? በዚህ ተራ እንጂ በፍርሃት ተራ አትሄድም። አሁንም እንዲሁ አደረገች። እስክሪብቶውን አነሳችና ለሽማግሌው አየር ሰጠች። የደም ግፊታቸው በድንገት እንዳይወርድ መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ አስገባች፤ ከእያንዳንዱ ጠብታ በኋላ ቆማ አየች። በብርድ እንዳይጎዱ አለበሰቻቸው። ሲነቁ ሕመም እንዳይቀበላቸው አስቀድማ አሰበችላቸው። ሞቷል ብላ ያመነችውን ሰው፣ መስመር በመስመር፣ በወረቀት ላይ በሕይወት አቆየችው። ጻፈች፣ ጻፈች። ፈታኙ «እስክሪብቶ አስቀምጡ» ሲል ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው ነበር።

ስልኳን ተቀበለች፤ አልከፈተችውም። ታክሲ ውስጥ የመስኮት ዳር ይዛ ወደ ተራራው አየች። ያቺ የልጆቿን ስም የጠራች እናት ትዝ አለቻት። እኔም አሁን በሁለት ስም መካከል ነኝ አለች በልቧ፤ ወሰን ስደርስ ቀጣዩን እሰማለሁ።

ከዘሙሩድ ሱቅ ፊት አግዳሚ ወንበሮች ወጥተዋል። ዳርቱ ከሩቅ አይታ እርምጃዋ ተሳሰረ። የከተማ ለቅሶ እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ በወንበር። ሰዎቹም ተቀምጠዋል፤ አባባ ኢቲቻ፣ አክስቷ፣ ጎረቤቶቹ። መካከላቸው አንድ ሰው ሳምቡሳ ይበላል።

አባቷ ነው።

«መጣሽ?» አላት ቶሌሳ አፉ ሙሉ ሆኖ።

ዳርቱ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችው።

«አንተ... ስልክህስ?»

«መብራት የጠፋው ከትናንት ወዲያ ነው። በምን ልሙላው?»

«ታዲያ እነሱ ለምን መጡ?»

«ሊመርቁሽ ነዋ!» አለ አባቷ። «ሁለት ዓመት ያለ ምርቃት ሞክረሽ ምን አገኘሽ? ዘንድሮ አባባ ኢቲቻ ይመርቋት፣ አገር አጅቦ ይሸኛት ብዬ ይዣቸው ወረድኩ። እኔ ጉልበቴ አስቸግሮኝ ከኋላ ቀረሁ። እነሱ ሲደርሱ ይቺ» አለና ወደ ዘሙሩድ ጠቆመ፣ «በር ላይ አገደቻቸው።»

«እኔ ምን ላድርግ!» ጮኸች ዘሙሩድ። «በዚያ ማለዳ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጥቁር ለብሰው!»

«ባሌ ከሞተ ዓመት አልሞላው፤ ቀይ ልልበስልሽ?» አለች አሳየች። «አንገት የደፋነው በርዶን ነው። ብትጠይቂን እንነግርሽ ነበር።»

«እሱ ይጠየቃል እንዴ?»

እውነቷን ነው፤ አይጠየቅም።

«ቶሌሳ ብቅ ሲል የያዝኩት ትሪ ነው ከእጄ የወደቀው» አለች ዘሙሩድ ቀዝቀዝ ብላ። «ብርጭቆውን ሁሉ ጨረስኩት። ላንቺ ብንደውል ስልክሽ ዝግ ነው።»

ዳርቱ መሳቅም ማልቀስም አቃታት። የመጣላት ንዴት ብቻ ነበር። «ሰው እኮ ይደውላል! በጎረቤት ስልክ ይደውላል! 'ልንመርቅሽ እንመጣለን' ይላል! እንዴት ለደስታም ለሞትም አንድ ሰው፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ፊት ትልካላችሁ?»

«አፍ ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ነዋ» አለ አባቷ።

«ሞተሃል ብዬ ነው የተፈተንኩት!» አለችው። «ገብቶሃል? ሞተሃል ብዬ... ትቼህ ሄድኩ። በጓሮ ወጣሁ።»

ቶሌሳ ሳምቡሳውን አስቀመጠ።

«ፈተናውን ጨረስሽው?»

«ጨረስኩት።»

«ታዲያ ደግ አደረግሽ። እኔ ብሞትስ ኖሮ ወዴት እሄድብሻለሁ? ማርያም ግቢ ተኝቼ እጠብቅሽ ነበር። ፈተናው ነው የማይጠብቅሽ።»

ያኔ አለቀሰች። አባባ ኢቲቻ እስክትጨርስ ጠብቀው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«በሉ ተነሡ፤ እንመርቃት።»

«አባባ፣ አለቀ እኮ! ተፈትኜ መጣሁ!»

«ፈተናው ቢያልቅ እርማቱ መች አለቀ?» አሉ በጥጥ ድምፃቸው። «የሚያርመው ሰው ልብ ገና አልተራራም። ተንበርከኪ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ።»

ወሰን መንገድ ዳር፣ ሚኒባሱ «መገናኛ፣ መገናኛ!» እያለ በሚጮኽበት፣ ዳርቱ ተንበረከከች። አባባ ኢቲቻ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ቀጠሉ፤ የአራሚው ዓይን እንዲበራ፣ እጁ እንዳይከብድ፣ ከቤቱ በሰላም ተነሥቶ ወረቀቷን በሰላም እንዲያነሣ መረቁ። ዘሙሩድ «አሚን» አለች፤ ከማለዲን ከጋራዡ ወጥቶ «አሚን» አለ፤ ተራራው ሁሉ «አሜን» አለ። እንዲያ ያለ ምርቃት ያገኘ አራሚ በአገሩ አልነበረም።

ውጤቱ እንደ ተለመደው ከተባለበት ቀን ዘግይቶ፣ ዳርቱ ከኦፕሬሽን ስትወጣ በቴሌግራም መጣ። ኢክራማ ናት ከሩቅ ስልኳን እያውለበለበች የጮኸችው፤ «አልፈሻል! ዳርት፣ አልፈሻል!» ጩኸቱ አቶ ከበበን ከቢሮው አስወጣው።

«አየሽ?» አላት እጁን እያጨበጨበ። «ያልኩሽ እኮ እሱን ነው! አሁን ማን ያስተኛልናል?»

ዳርቱ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ተራራው ልትወጣ ጋውኗን አወለቀች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። በሥራ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በደስታ እያለቀሰች ዳገቱን ስትወጣ አጥሩ ሥር ያሉት ሽማግሌዎች ቢያዩዋት! አባቷ ቢያያት!

ስልኳን አወጣች። ይጠራል፤ መብራት አለ ማለት ነው። አባቷ «ሃሎ» ከማለቱ ቀደመችው።

«አባዬ፣ ማንም አልሞተም» አለችው። «አልፌያለሁ።»